ወንዙን በጉልበት አትግቡት፦ «ፎር ባይ ፎር ካለህ መንገድ አያስፈልግህም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ያየሁት ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ፎር ባይ ፎር ካለህ መንገድ አያስፈልግህም» ነው። የተጻፈው ለበዓል ወይም ለእረፍት ከአዲስ አበባ ወጥተው ኦሞ፣ ባሌ ወይም አፋር ድረስ በራሳቸው መኪና መዝለቅ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። አጻጻፉ ይጥማል። አገር የማየት ፍቅሩም ደስ ይላል። ምክሩ ግን ሲጨመቅ ይህ ነው፤ ጠንካራ መኪና ያዝ፣ አትፍራ፣ ነዳጅ ርገጥ፣ ታልፋለህ።

እኔ ለዓመታት እንግዳ ይዤ ደቡብና አፋር የተመላለስኩ ሹፌር ነኝ። ይህን ምክር አንብቦ የሚወጣው ሰው ብቻውን እንደማይሆን አውቃለሁ። ባለቤቱ ጋቢና ትቀመጣለች፣ ልጆቹ ከኋላ ናቸው። ሹፌሩ ሲደፍር አብረው የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው። ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም። ቅን ሐሳብ እንዳላቸው አልጠራጠርም። ክርክሬ ከምክራቸው ጋር ነው።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ኤስዩቪ ያለው ሁሉ ከአስፋልት መውጣት ይችላል የሚል ነው። አይችልም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማችን ኤስዩቪ በሚመስሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞልታለች። ከእነዚህ ውስጥ በሁለት ጎማ ብቻ የሚጎትቱ ብዙ ናቸው። ባትሪያቸውም ከወለሉ ሥር የተነጠፈ ነው፤ ሹል ድንጋይ ላይ ሆዱን ያሳረፈ መኪና ምን እንደሚደርስበት መገመት አያስቸግርም። በነዳጅ ከሚሠሩትም መካከል ቁመናቸው የጫካ፣ አቅማቸው የከተማ የሆኑ ሞልተዋል። ከመውጣታችሁ በፊት መኪናችሁን ጠይቁት። ስንት ጎማው ይጎትታል? ከባዱ ማርሽ፣ ፎር ሎው የምንለው፣ አለው? ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል? ዝቅ ብሎ የሚገኘው ክፍሉስ የትኛው ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ በወሬ አትመልሱት፤ ተንበርክካችሁ ከሥር እዩት።

ቀጥለው አራቱም ጎማ ስለሚጎትት መኪናው አይንሸራተትም ብለዋል። ይህ አደገኛ እምነት ነው። አራት ጎማ መጎተቱ ለመሄድ ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም። ፍሬን በየትኛውም መኪና ላይ የሚይዘው አራቱንም ጎማ ነው። ጭቃ ላይ ፎር ባይ ፎሩ ከሌላው የሚለየው በፍጥነት መግባት በመቻሉ ነው። ለመቆም ሲፈልግ ከሌላው እኩል ይንሸራተታል። ክብደቱ ሲታሰብማ ይብሳል።

ሌላም አለ። አገራችን ውስጥ ገጠር ለገጠር የሚሠሩት አብዛኞቹ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሮች ፎር ዊሉን ሹፌሩ ራሱ ነው የሚያስገባው። ብዙዎቹ የፊት ጎማ እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አላቸው። እሱ «ፍሪ» ላይ ከሆነ ውስጥ ያለውን ማርሽ ብታስገቡም የፊት ጎማ አይጎትትም። ሰው አሸዋ ውስጥ እስከ ሆዱ ከሰመጠ በኋላ ወርዶ ያንን ለመቆለፍ ሲቆፍር አይቻለሁ። ፎር ዊል የሚገባው አሸዋው ከመጀመሩ በፊት፣ ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ወደ ደረቅ አስፋልት ስትመለሱ ደግሞ አውጡት። የፊትና የኋላ ጎማዎች ኩርባ ላይ እኩል አይዞሩም፤ አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለማይችሉ ጭነቱ ካምቢዮና ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ) ላይ ያርፋል፣ መሪም ይከብዳል። ዲፈረንሻል ካልኩ አይቀር፣ የዲፈረንሻል መቆለፊያ የሌለው መኪና አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማው አየር ላይ ከተንጠለጠሉ ባለበት ይቀራል። የተንጠለጠሉት ባዶ ይዞራሉ፣ መሬት የያዙት ቆመው ይቀራሉ። ነዳጅ መርገጥ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

ስለ ፒስታ መንገድ የጻፉትን በአጭሩ ልለፍ። ኮሮኮንቹ እንዳይሰማ በ80 እና በ90 መንዳት ይሻላል ይላሉ። ሲፈጥን ንዝረቱ እንደሚቀንስ እውነት ነው። የሚቀንሰው ግን ጎማው ከጉብታ ጉብታ እየዘለለ መሬቱን በደንብ ስለማይነካ ነው። መሬት ያልነካ ጎማ ፍሬንም መሪም የለውም። ፍየል መንገድ ላይ ከገባች ያን ጊዜ ይታያል።

ጎማ ላይ ግን መቆየት አለብኝ። ጸሐፊው ከአዲስ አበባ ስትወጡ ጎማችሁን ጢም አድርጋችሁ አስነፉ፣ እስክትመለሱም አትንኩት ብለዋል። ለአስፋልቱ ትክክለኛው ንፋስ በሹፌሩ በር ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም። አሸዋ ሲመጣ ደግሞ መቀነስ ግድ ነው። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ርዝመቱን ይዞ ይተኛል፣ መሬት የሚነካው ሰፊ ይሆናል፣ ክብደቱም ይበተናል። በ35 ፒኤስአይ የሚሰምጥ መኪና በ18 ሲሆን ያለ ጭንቀት ይወጣል። ከኋላ ብዙ ከጫናችሁ የኋላውን ያን ያህል አታውርዱት። ዝቅ ባለ ንፋስ ላይ መሪ በኃይል አይጠመዘዝም፣ አይፈጠንም፤ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ኤርታሌ አካባቢ እንዳለው ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ደግሞ አብዝቶ መቀነስ ጎኑን ለድንጋዩ ማጋለጥ ነው። የግራር እሾህም አለ።

አስፋልት ላይ ስትመለሱ ወዲያው መልሳችሁ ንፉት። በጎደለ ጎማ በ100 መንዳት ጎማውን ያግለዋል፣ ያፈነዳዋልም። ስለዚህ የንፋስ መለኪያና ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር መያዝ አለባችሁ። ደቡብ ኦሞ ካለችው ከቱርሚ ወዲያ ጎሚስታ አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። ስኮርትም ሁለት ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው ስለ ወንዝ የጻፉት አንድ አንቀጽ ከሌላው ሁሉ በላይ አስደንግጦኛል። ስኖርክል ያለው መኪና ወንዝ አይፈራም፣ ውሃ ሲያጋጥም ፍጥነት ጨምሮ መግባትና ሳያቆሙ መሻገር ነው ይላሉ።

ስኖርክል ሞተሩ ንጹሕ አየር ከላይ እንዲስብ ያደርጋል። መኪናውን መሬት ላይ አይዘውም። የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት ለሕዝቡ ደጋግሞ የሚናገረው ልክ አለ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወራጅ ውሃ ትናንሽ መኪኖችን ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ኤስዩቪና ፒክአፕ ሳይቀር አብዛኞቹን ይዞ ይሄዳል። 60 ሳንቲ ሜትር የአዋቂ ሰው ጉልበት አልፎ ጭን ላይ ቢደርስ ነው። ሰው አይቶ «ይቺማ ምን አላት» የሚላት ጥልቀት ናት። የመኪና አካል የታፈነ ስለሆነ ውሃው ወለሉ ላይ ሲደርስ ማንሳት ይጀምራል። ሲነሳ ጎማዎቹ መሬቱን ይለቃሉ። የሚቀጥለውን የሚወስነው ወንዙ ነው።

ፍጥነቱም ሌላ ጥፋት ነው። በፍጥነት የገባ መኪና ከፊቱ ማዕበል ያነሳል፣ ውሃውም ኮፈኑ ላይ ወጥቶ ስኖርክል በሌለው መኪና አየር መሳቢያው ውስጥ ይገባል። አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ የገባበት ሞተር ብረቱ ይጣመማል። መሐል ወንዝ ላይ ሞተር ከጠፋባችሁ መልሳችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ሊተርፍ የሚችለውን ሞተር የሚገድለው ያ ሁለተኛው ሙከራ ነው። ጎትቶ ማውጣት፣ መካኒክ ውሃውን እስኪያስወጣ መጠበቅ ነው።

ትክክለኛው አሻጋገር ዘገምተኛ ነው። መጀመሪያ ትቆማላችሁ። ትወርዳላችሁ። ዱላ ይዛችሁ የምትነዱበትን መስመር በእግራችሁ ትሄዱበታላችሁ። ቆማችሁ መራመድ ካቃታችሁ መኪናውም አይገባም። አዞ አለ ተብሎ በእግር የማይገባበት ወንዝ ደግሞ በመኪናም የማይገባበት ነው፤ ታቹን ሳታዩ ምን ላይ እንደምትነዱ አታውቁም። ውሃው ሰፍቶ ከሽክሽክ የሚልበት ቦታ ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም። ጠቦ ዝም ያለበት ቦታ ነው የሚያስፈራው። ሲገባ ፎር ሎው፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ፣ የሰው እርምጃ ያህል ፍጥነት፣ መሐል ላይ ፍሪሲዮን አለመርገጥ። ሲወጣ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ደጋግሞ መርገጥ፣ እስኪደርቅ። ማታ ላይ የዲፈረንሻል ዘይቱን እዩ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ነገር አለ። ደራሽ።

ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ ለምሳሌ ቱርሚ አጠገብ እንዳለው እንደ ካስኬ ያሉ ወንዞች ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ናቸው። ጥላ አላቸው፣ ያምራሉ፣ ድንኳን ለመትከል ይጋብዛሉ። ዝናቡ የሚዘንበው ግን ሩቅ ኮረብታ ላይ ነው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ግንድ እየገፋ ይመጣል። አሸዋ ውስጥ ሰምጦ ጎማ የሚቆፍር ሰው ያን ጊዜ መኪናውን ማዳን አይችልም። የአዲስ አበባ ሰው ክረምት ሲባል ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ነው የሚያስበው። የደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ በጥቅምትና በኅዳርም አነስ ያለ ይመጣል። ፋሲካ ምንጊዜም የሚውለው በዚያ ዋና ዝናብ መሐል ነው። ጽሑፉ ደግሞ ለፋሲካ እረፍት ኦሞ ውረዱ እያለ ይጋብዛል።

ስለዚህ የወንዝ አልጋ ውስጥ አትደሩ፣ ምሳ ለመብላትም አትቁሙ። አካባቢው ላይ ያሉትን ሰዎች ጠይቁ፤ ላይ ማዶ ዘንቦ እንደሆነ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሞላ ወንዝ ካጋጠማችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጠብቁ። ደራሽ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይጎድላል። ጥቂት ሰዓት መጠበቅ፣ ቢከፋ አንድ ሌሊት ማደር ነው።

ዋልካ አፈርንም እዚሁ ላይ ላንሳ። ማጎ ፓርክ ውስጥና በብዙ የደቡብ ቆላዎች ያለው ጥቁር አፈር ሲደርቅ እንደ አስፋልት ያስኬዳል። ሲዘንብ ግን የጎማውን ጥርስ ደፍኖ ልሙጥ ያደርገዋል። ጎማው ልሙጥ ከሆነ ፎር ዊሉ የሚይዘው ነገር የለም። ይህ መሬት እስኪደርቅ የሚጠበቅ መሬት ነው።

ጸሐፊው የሀገሬውን ሰው መሪ አድርጋችሁ ያዙ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔም እጨምርበታለሁ። ግን ወዲያው በሚቀጥለው አንቀጽ የዳሎልን ሜዳ ሲገልጹ ለጥ ያለ ስለሆነ በፈለጋችሁበት አቋርጡ ይላሉ። ዳሎልና የአሳሌ ጨው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። የጨው ቅርፊቱ አንድ ቦታ ላይ የጨው መኪና ይሸከማል፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ወተት ላይ እንደረጋ ስልባቦት ስስ ነው፤ ከሥሩ ጨዋማ ጭቃ አለ። ውሃው ደግሞ ከዝናቡ ጋር ቦታ ይቀያይራል። አምና የተሄደበት ዘንድሮ አይሄድም። እዚያ የሚነዳው የዕለቱን ዱካ ተከትሎ፣ የአፋር መሪ ይዞ፣ ቢያንስ በሁለት መኪና ነው። ጦርነት ባለፈባቸው የሰሜን አካባቢዎች ከዱካ መውጣት ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ ላይ መውጣትም ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር የመጠጥ ውሃ ያዙ። መኪናው ከቆመባችሁ ትታችሁት በእግር አትሂዱ። የሚፈልጋችሁ ሰው ከእናንተ ቀድሞ የሚያየው መኪናውን ነው፤ ጥላም ይሰጣችኋል።

ባሌ ውስጥ ባለው የሳኔቲ አምባ ላይም ከመንገዱ ወጥቶ ፎቶ መነሳት ይመክራሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቦታ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለ ሣር አንዴ በጎማ ከታረሰ በቶሎ አያገግምም። ቀይ ቀበሮው የሚበላው ፍልፈል የሚኖረው ያው የምትነዱበት መሬት ውስጥ ነው። ለሹፌሩም አንድ ነገር ልበል። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ ስለሚገኝ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ገደማውን ያጣል። መኪናው ታመመ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ነዳጅም እየረገጣችሁ አታስጨንቁት፤ ማርሹን ቀንሱለት።

ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሰጡት ምክር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ ቀጥ ያለ ዳገት ሲያስቸግር በአግድም ውጡት የሚል ነው። ኤስዩቪ ረጅም ነው፣ የክብደቱ መሐል ከፍ ያለ ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ ጀሪካንና ሻንጣ ሲጫንበት ደግሞ ይብሳል። በአግድም የቆመ መኪና አንድ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ከገባ ይገለበጣል። ዳገት ቀጥታ ይወጣል፣ ቀጥታ ይወረዳል። መሐል ላይ ከቆመባችሁ ለመዞር አትሞክሩ። ፍሬን ይዛችሁ፣ ፎር ሎው የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ፣ በመጣችሁበት መስመር ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ውረዱ። ከባዱ ዕቃ ከታችና ከውስጥ ይሁን፣ ይታሰርም። ያልታሰረ ጀሪካን መኪና ሲገለበጥ ሰው ይመታል።

ሁለተኛው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ልቀቁት የሚል ነው። ይህን የትኛውም የመንጃ ፈቃድ ተማሪ እንዳያደርግ የሚነገረው ነገር ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻውን ከያዘ ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ባዶውን ይወርዳል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ገደል ከሆነ ፎር ሎው አስገቡ፣ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው።

ቀበቶ ፈትታችሁ ንዱ፣ መኪናው ሊገለበጥ ሲል ለመዝለል ያመቻል የሚለውንም አነበብኩ። ማንም አይዘልም። የሚሆነው ሰውየው በመስኮት መወርወሩና መኪናው እላዩ ላይ መውደቁ ነው። ከአስፋልት ውጭ ፍጥነቱ ትንሽ ቢሆንም ሁሉም ሰው፣ ከኋላ ያሉት ልጆችም፣ ቀበቶ ይሰሩ።

የመጨረሻው የማውጣት ነገር ነው። የሰመጠ መኪና ካጋጠመ የብረት ካቦ አስራችሁ በፍጥነት ተነስታችሁ ንጠቁት ብለዋል። ገጠር ውስጥ መኪና ሲሰምጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። መንደሩ በሙሉ ይመጣል። ሕፃናት ዙሪያውን ይቆማሉ። ካቦ አይለጠጥም፤ በንጥቂያ ሲጎተት ወይ እሱ ይበጠሳል ወይ የታሰረበት ይገነጠላል። የተበጠሰ ካቦ ሲመለስ እግር ይቆርጣል። ተጎታች የሚያያዝበት ክብ ብረት ላይ አስሮ መንጠቅ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ብረቱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይተኮሳል፣ አውስትራሊያ ውስጥ በዚህ መንገድ ሰዎች ሞተዋል።

ከመጎተት በፊት አካፋ ነው። ጎማው መቆፈር እንደጀመረ ነዳጁን ልቀቁት፤ እያንዳንዱ ባዶ ዙር ወደ ታች የሚያወርዳችሁ ነው። ከጎማው ፊት ያለውን አሸዋ ጥረጉ፣ ከሆዱ ሥር ያለውን አውጡ፣ ንፋስ ቀንሱ፣ ድንጋይ ወይም ጠፍጣፋ እንጨት ከጎማው ሥር አስገቡ። ክሪክ አሸዋ ላይ የሚቆመው ሰፊ ጣውላ ከሥሩ ተደርጎለት ነው፤ በክሪክ የተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። አብዛኛው መኪና በዚህ ብቻ ይወጣል። መጎተት ግድ ከሆነ ሻንሲው ላይ በተሠራው መንጠቆ አስራችሁ፣ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ወጥራችሁ፣ ሳትነጥቁ ጎትቱ። ካቦ ብቻ ካላችሁ መሐሉ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ጣሉበት፣ ቢበጠስ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ይመደብና ሕዝቡን ያርቅ። ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይራቁ። ልጆቹ ካልራቁ መጎተት አይጀመርም። ሽማግሌ ካለ ለእሳቸው ንገሯቸው፤ አንድ ቃል ሲናገሩ ሁሉም ይሰማል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ ብዙውን ከጊዜ ጋር ማስተካከል ይችላሉ። የወንዙን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ እንዲያወጡት እለምናቸዋለሁ። ፋሲካ ሲደርስ ያንን አንቀጽ በስልኩ ይዞ ካስኬ ዳር የሚቆም ሰው ይኖራል።